የሊንድሴ ወፎችና ቀዩ እጀታ

ኬልቪን የሼዱን፣ የጡረተኞቹን የእንጨት ሥራ ቤት፣ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ለሁለት የመክፈሉን ሥራ ለረቡዕ ያደረገው ሰው እንዳይኖርበት ብሎ ነበር። ሼዱ የሚከፈተው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ረቡዕ በሩ ዝግ፣ መጋዙ ዝም፣ ጣሪያው ላይ ከሚጮኹት የባሕር ወፎች በቀር ድምፅ የለም። ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ ማንም ትከሻው ላይ ሳይተነፍስበት፣ ጨርሶ ምሳውን ቤቱ ይበላል። ሐሳቡ ይኸው ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ይዞ ሲደርስ ግን አምስት ሰው በር ላይ ተደርድሮ ይጠብቀዋል።

ሊያዩ ነው የመጡት። ምኑን ነው የሚያዩት? አንድ መስመር ስክሪን ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲንፏቀቅ? ኬልቪን ይህን በሆዱ እያለ በሩን ከፈተ። የድሮው ዳቦ ጋጋሪ ኔቪል በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ፓስቲ ታቅፎ ገባ፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ሥጋና ድንች ከሩቅ ይሸታል። ለቅሶ ቤት በባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ነው፣ አለ። ሰዉ ሳቀ። ኬልቪን አልሳቀም።

በዚያች የባሕረ ሰላጤ ዳር ከተማ ጡረታ የወጣ ወንድ ሚስቱ ከቤት ስታባርረው የሚሄደው ወደ ሼዱ ነው። ወንበር ይጠግናሉ፣ ለሕፃናት መጫወቻ ይሠራሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ያወራሉ። አሥራ አንድ ናቸው። ከመሐላቸው አንዷ ሴት ጆይሊን ነች፤ እሷ ባሌን ከማባርር ራሴ ብወጣ ይሻላል ብላ የመጣች ናት፤ የሼዱም ጸሐፊ ሆናለች። ኬልቪን ደግሞ አርባ ዓመት የባቡር መንገድ የምልክት መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ የኖረ ሰው ነው። አንድም ቀን ባቡር ከባቡር አጋጭቶ አያውቅም። እንዲህ ያለው ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን እንደሚሆን መቼም ታውቁታላችሁ፤ የሚጠብቀው ባቡር ሲያጣ ሰው መጠበቅ ይጀምራል።

የኮምፒውተሩ ነገር ስድስት ሳምንት ሙሉ አጨቃጭቋል። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ የሚሠራበት ዊንዶውስም አሮጌ ነው። ጆይሊን የማዘጋጃ ቤቱን ቅጽ ልሙላ ስትል ገጹ አልከፈትም ይላታል። አዲሱን ዊንዶውስ ለመጫን ማሽኑ አቅም የለውም፤ ሌላ ማሽን ለመግዛት ሼዱ አቅም የለውም። እንግዲያው ሁሉም ይጠረግና ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ሲስተም ይጫንበት አለች ጆይሊን በስብሰባው ላይ። ይህን ጊዜ ሊንድሴ ከጥግ ወንበሩ ሳይነሳ «የኔ ወፎችስ?» አለ።

ሊንድሴ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። በከተማዋ ውስጥ እንደሱ እንጨት የሚቀርጽ አልነበረም። አሁን ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም፤ ሌሎቹ ደግሞ ይንቀጠቀጣሉ። መሮ መያዝ ካቃተው ወዲህ የቀረችው መላ ኮምፒውተሩ ላይ ሥዕሉን ስሎ ለቅርጽ ማሽኑ መስጠት ነው፤ ማሽኑ የሳለውን እንጨት ላይ ይቆፍርለታል። ያቺ የሥዕል ፕሮግራም ደግሞ ከአሮጌው ሲስተም ውጪ እሺ አትልም። የልጅ ልጁ ታምሲን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ስታገቢ ልብስሽን የምትከቺበትን ሣጥን የምሠራልሽ እኔ ነኝ ብሏት ነበር። ሠርጉ ከዚያ ረቡዕ ሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ሣጥኑ ተሠርቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የቀረው ክዳኑ ነው። በክዳኑ ላይ የሚወጣውን ሥዕል፣ የድሮውን የወደብ ድልድይ፣ ባለ ሁለት ምሰሶዋን የሸራ ጀልባና ዘጠኝ የባሕር ወፎች፣ ሊንድሴ በግራ እጁ ማውዝ እየገፋ፣ አንዲት ነጥብ አስቀምጦ እያረፈ፣ አንዲት ነጥብ አስቀምጦ እያረፈ፣ አሥራ አራት ወር ፈጅቶበታል።

ስለዚህ ኬልቪን ተነሥቶ ሁለቱም ይኑሩ አለ። ሃርድ ዲስኩ ይከፈል፤ በአንዱ ወገን አሮጌው፣ በሌላው ወገን አዲሱ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ማንኛውን ትፈልጋለህ ብሎ ይጠይቃል፤ የፈለጉትን መርጦ መግባት ነው። ኔቪል ይህን ሲሰማ፣ ሁለት ሚስት በአንድ ኩሽና አለና ራሱን ነቀነቀ። ያም ሆኖ እጅ አውጥተው ወሰኑ።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ የአሮጌው ድንበር ይጠባል። ከዚያ ፋይሎቹ ወደ አንድ ወገን ይጠጋሉ። በተለቀቀው ቦታ አዲሱ ይገባል። አደጋው ማስጠጋቱ ላይ ነው። ፋይሎቹ በጉዞ ላይ ሳሉ መብራት ቢቋረጥ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀርና ኮምፒውተሩ የቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ይሳነዋል። ኬልቪን ይህን ለአሥሩም ሰው አሥር ጊዜ አስረድቷል። ያላችሁን በየፍላሻችሁ ገልብጡ፣ ብሎ ግድግዳው ላይ የስም ዝርዝር ለጠፈ። የገለበጠ ሰው በስሙ አንጻር ምልክት ያደርጋል።

ሰው ግን ሰው ነው። አንዱ ፍላሹን መኪናው ውስጥ ረስቶ መጣ። አንዱ እኔ ምንም የለኝም አለና ቆይቶ አርባ የዓሣ ፎቶ ተገኘለት። ኔቪል የፓስቲውን አሠራር የጻፈበትን ፋይል ሁለት ጊዜ ገልብጦ፣ የትኛው ዋናው ነው እያለ ራሱን አዞረበት። ኬልቪን ቆሽቱ አረረ። የእያንዳንዱን ሰው ፍላሽ እየነጠቀ፣ እየሰካ፣ ፋይሉን ከፍቶ እያየ፣ እየተሳደበ መለሰ። የአሥሩንም እንዲህ ፈተሸ ልላችሁ ነበር፤ ነገር ግን ያየው የዘጠኙን ነው። የሊንድሴን ፍላሽ አላየም። በሊንድሴ ስም አንጻር የተንቀጠቀጠች ምልክት ተደርጋለች፤ ኬልቪን አያትና አለፈ።

ለምን አለፈ? ይህን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ያኔ አንድ ቀን ሰዉ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ኬልቪን ቀድሞ ተመለሰ። ቤቱ ባዶ መሰለው። የእንጨት መላጊያውን ማሽን አበራው። ሊንድሴ ከማሽኑ ወዲያ ተንበርክኮ እጁን ከሥር አስገብቶ ፍቅፋቂውን እየጠረገ ነበር። ሁለቱ ጣቶች የሄዱት እንዲህ ነው። ሊንድሴ ለፖሊስም ለሐኪምም ጥፋቱ የኔ ነው አላቸው። ሰዎቹም ከሆስፒታል ሲመለስ «ስምንት» የሚል ስም አውጥተው ተቀበሉት፤ እሱም ወደደው። በዚያ ስም ጠርቶት የማያውቅ ኬልቪን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሊንድሴን ተቆጥቶት አያውቅም፤ ጠይቆት፣ ተጠራጥሮት፣ አሳየኝ ብሎት አያውቅም።

ቀዩ እጀታም የመጣው ያኔ ነው። ኬልቪን በገዛ ኪሱ በር አጠገብ ዋና ማጥፊያ አስተከለ። ሕጉንም ራሱ ጻፈው። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ኔቪል ደወሉን ይደውላል። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወደ ሻዩ ክፍል ይወጣል። ኬልቪን በሩ ላይ ቆሞ ይቆጥራል። ሁሉም መውጣቱን ሲያረጋግጥ እጀታውን ወደ ታች ይስበዋል፤ መጋዙም፣ መላጊያውም፣ ኮምፒውተሩም፣ መብራቱም ድርግም ይላል። ሻዩ ሲያልቅ መልሶ ቆጥሮ ያበራዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላስታጎለም። ታሞ እንኳ ሲመጣ በሻርፕ ተጠቅልሎ ስቧታል። ሌላ ሰው ነክቷት አያውቅም፤ የሚደፍርም የለም።

ወደ ረቡዕ እንመለስ። ኬልቪን ሁለት ሰዓት ላይ ማስጠጋቱን አስጀመረው። ስክሪኑ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል አለ። ኬልቪን በትልልቁ «አትንኩ» ብሎ ጽፎ ሦስት ቦታ ለጠፈ፦ ስክሪኑ ላይ፣ የኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ፣ ወንበሩ ላይ። እጀታው ላይ ግን አልለጠፈም። ለምን ይለጥፋል? እሷን ከሱ በቀር የሚነካ የለም።

ከዚያ ጭቅጭቁ ጀመረ። ስንት ደረሰ? አሥራ ሁለት። አሁንስ? አሥራ ሁለት። ቆመ እንዴ? አልቆመም። ኔቪል በድሮ ዘመን ኮምፒውተር ሲዘገይ ጎኑን መታ ማድረግ ይበጀው ነበር አለና እጁን ሰነዘረ፤ ኬልቪን እጁን አየር ላይ ያዘው። ጆይሊን ለአዲሱ የሚሰጠው ቦታ ለምን አነሰ፣ ለወፎች ግማሽ ዲስክ ምን ያደርግላቸዋል አለች። ሌላው አዲሱ ውሎ አድሮ ድንበር ይገፋል፣ ጎረቤቴ በአጥር እንዳደረገኝ አለና የአጥሩን ታሪክ ከሥሩ ጀመረ። ባለ አጥሩና አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ከመጣን አይቀር ብለው መጋዙን አስነሥተው ጣውላ መቁረጥ ጀመሩ። ኬልቪን መጋዙ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው፣ መብራቱን ታደክሙታላችሁ ብሎ ጮኸ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሊንድሴ ብቻ አንድ ቃል ሳይናገር ከስክሪኑ ፊት ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ ሰው ሐኪም ቤት በር ላይ እንደሚቀመጠው፣ መስመሯን ያያል።

«ይደርሳል?» አለው አንድ ጊዜ ብቻ።

«ይደርሳል» አለው ኬልቪን። ለሱ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል።

ሰባ አንድ በመቶ ላይ ሲደርስ አራት ሰዓት ሆነ። ኔቪል እንደሆነ ሰውም ፓስቲም አለለት፣ ሰዓቱም ደርሷል፤ ሌላ ምን ይፈልጋል? ደወሉን ደወለው። መጋዙ ቆመ። ሰዉ እጁን እያራገፈ ወጣ። ሊንድሴም ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ጆይሊን ወጥታ እንኳ ስለ ዲስኩ ድርሻ ከበሩ ማዶ ትከራከራለች፤ ኬልቪን አንገቱን ወደ ውጪ አውጥቶ እየመለሰላት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ሁሉም ወጥቷል። የመጨረሻውን ቃል ለጆይሊን ወረወረና እጀታውን ሳበው።

ጸጥ አለ። የመጋዙ ጸጥታ አይደለም፤ መጋዙማ ከቆመ ቆይቷል። ከጥግ ትሰማ የነበረችው ያቺ ቀጭን የኮምፒውተር ማራገቢያ ድምፅ ናት ዝም ያለችው። ኬልቪን ዞሮ ጨለማውን ስክሪን አየው። እጁ አሁንም እጀታው ላይ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይህን ነው።

ወደ ሻዩ ክፍል ሲገባ ፊቱን ያየ ሁሉ ፓስቲውን አፉ ጋ አድርሶ መለሰ። ኔቪል ማነው ሶኬቱን የነካው ብሎ ወዲያና ወዲህ አፈጠጠ። ኬልቪን እኔ ነኝ አለ። እጀታዋን ሳብኳት፣ አለ። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም፤ ከዚያ የባሰ ምን አለ?

ያረጋጋው ሊንድሴ ነው። ግድ የለም፣ ገልብጫለሁ እኮ አለና ከሸሚዙ ኪስ ፍላሹን አወጣ። ኬልቪን ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ጆይሊን የራሷን ላፕቶፕ ከቦርሳዋ አውጥታ ፍላሹን ሰካች። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ፍላሹ ውስጥ አንዲት ነገር አለች፦ የጀልባ ምስል ያላት ትንሽ ምልክት፤ ጥጓ ላይ ቀስት አለባት። ጆይሊን ከፈተቻት። የምትሄድበት የለም አለቻት። ደግማ ከፈተቻት። የለም።

ሊንድሴ የገለበጠው ሥዕሉን አልነበረም። ስክሪኑ ላይ ያለችውን፣ ስትነካ ወደ ሥዕሉ የምትወስደውን ምልክት ነው ጎትቶ ፍላሹ ላይ ያኖረው። አሥራ አራት ወር በየቀኑ ሥዕሉን የሚከፍተው በሷ ነበር፤ ሥዕሉ እሷ ትመስለው ነበር። ቤቱ የለም፣ የቤቱ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ግን ኪሱ ውስጥ አለ። ኬልቪን የገባው ወዲያው ነው። ያቺን ፍላሽ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰካት ኖሮ ያየው ነበር። የኔቪልን የሊጥ አሠራር ሁለቴ የፈተሸ ሰው!

ሊንድሴ ላፕቶፑን ትክ ብሎ አየውና ቆይቶ ወደ ኬልቪን ዞረ።

«ያኔ አብርተህ ጣቴን ወሰድክ» አለው። «ዛሬ ደግሞ አጥፍተህ ወፎቼን። አንተ ሰውዬ ከማብሪያና ማጥፊያ ጋር ምን አላችሁ?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያቺን ነገር በአፉ ሲያነሣት የመጀመሪያው ነው። የተናገረው እንደ ቀልድ አድርጎ ነው፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም። ኮፍያውን አነሣና ሻዩን ሳይነካ ሄደ። ኔቪል ከኋላው ፓስቲ ጠቅልሎ ይዞ ሮጠ፤ ይዞት ተመለሰ።

ኬልቪን ዘጠኝ ቀን ከኮምፒውተሩ ፊት አልተነሣም። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አምጥቶ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስለቀመው። ምን ያልተገኘ አለ! የዓሣው ፎቶ አርባውም ወጣ። ጆይሊን ራሷ የረሳችው የስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ወጣ። ሁሉም በየፍላሹ ያለው፣ ማንም ያልፈለገው ነገር ሁሉ ወጣ። የሊንድሴ ሥዕል በስሙ ተገኘ፤ ኬልቪን ልቡ እየመታ ሲከፍተው ነጭ ገጽ ነው። ባዶ። በዘጠነኛው ቀን ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ከፈለው፤ በአንድ ወገን አሮጌውን፣ በሌላው አዲሱን ተከለ። ሲያበራው ማንኛውን ትፈልጋለህ ብሎ ጠየቀው። ይኸው ሆነ፤ ስድስት ሳምንት የተጨቃጨቁበት ነገር አማረ፣ ሠራ። ማንም ደስ አላለውም።

ከዚያ ወደ ሊንድሴ ቤት ሄደ። ይቅርታ ሊል አይደለም፤ ይቅርታማ በመጀመሪያው ቀን ማታ ብሏል፣ ሊንድሴም በሩን ገርበብ አድርጎ እሺ ብሎታል። አሁን የሄደው ሌላ ነገር ሊለው ነው። ስድስት ሳምንት አለን፤ አንተ ተናገር፣ እጄ ይሥራ አለው። ሊንድሴ፣ አንተን አልችልህም፣ ትቸኩላለህ አለው። ኬልቪን አልቸኩልም አለ። ትቸኩላለህ፣ ድሮም የቸኮልክ ነህ፣ አለና ኮፍያውን ፈለገ።

ወይ መከራ። ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየቀኑ ሆነ። ኬልቪን ማውዙን ይዞ ይቀመጣል፤ ሊንድሴ አጠገቡ። ወደ ግራ። ትንሽ። በዛ። መልሰው። አሁን ደግሞ አነሰ። አንዲት የወፍ ክንፍ አንድ ቀን ሙሉ ትበላለች፤ ሲመሽ ሊንድሴ አይቷት ይቺ ዶሮ ናት ይላል፤ ትጠፋለች። ኬልቪን ግንባሩ ላይ ያለው ደም ሥር ይነሣል። ከአፉ ሊወጣ ያለውን ይውጠዋል። አንዳንድ ቀን መጣሁ ብሎ ይወጣና ደጅ ያለውን ባሕር ዛፍ ሦስቴ ዞሮ፣ ለዛፉ የሚለውን ብሎ ይመለሳል። ኔቪል በመስኮት እያየ ስንት ዙር እንደሆነ ይቆጥርበታል። አሥሩ ሰዎች ስድስት ሳምንት ያደረሱበትን ሁሉ ቢደምሩት የዚህን ሽማግሌ አንድ ጠዋት አያህልም።

በሦስተኛው ሳምንት ባሕሩ ላይ ደረሱ። ኬልቪን ማዕበሉን ልክክ አድርጎ ሳለው፤ መስመሩ ንጹሕ ነው። ሊንድሴ አየውና ውኃው ደረቀ አለ። እንዴት ደረቀ? ደረቀ። የኔው እንዲህ አልነበረም፣ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ታምሲን ስታየው ወዲያው የኔ መሆኑን ታውቅ ነበር አለ። ኬልቪን አራት ጊዜ ሞከረ፤ አራቱንም አጠፋው። በመጨረሻ ሊንድሴ ቀኝ እጁን፣ ሦስት ጣት የቀረውን፣ ኬልቪን ማውዙን በያዘበት እጅ ላይ አኖረው። እጁ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ። ከሱ ጋር የኬልቪን እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ስክሪኑ ላይ ውኃው ውኃ መሰለ። ባሕሩ በሁለት ቀን አለቀ።

ኬልቪን በየቀኑ ሲጨርሱ ሥዕሉን ሦስት ፍላሽ ላይ ይገለብጣል። ከዚያ «ፍላሽህን አምጣ» ይላል፣ በአሥራ አንድ ዓመት ብሎት በማያውቀው ድምፅ። የሊንድሴን ፍላሽ ሰክቶ፣ ሥዕሉን ከፍቶ፣ ይኸው፣ አየኸው? ይለዋል። ሊንድሴ ደግሞ፣ አየሁት፣ አትጩኽብኝ ይላል።

ሠርጉ ቅዳሜ ሆኖ ክዳኑ ማሽኑ ላይ የተጫነው ሐሙስ ነው። ከዘጠኙ ወፎች የደረሱት ሰባት ናቸው። ኔቪል ሁለቱስ ሲል ሊንድሴ፣ ከሰው እጅ የተጠበሰ ድንች ሊቀሙ ሄደዋል፣ ሲጠግቡ ይመጣሉ አለው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ መቆፈር ጀመረ። ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጣውላ የላቸውም፤ መሐል ላይ ከቆመ መቆፈሪያ መርፌው ቦታውን ይስታል፣ ክዳኑም አለቀለት። አሥራ አንዱም ሰው መጥቷል። ዛሬ ማንም ስንት ደረሰ ብሎ አልጠየቀም።

አራት ሰዓት ሆነ። ኔቪል ደወሉን እንዳይነካ ከጆይሊን አጠገብ ተቀምጧል፤ እሷ ለጥንቃቄ የደወሉን ገመድ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። ግን ለኬልቪን ደወል ምን ያደርግለታል? አሥራ አንድ ዓመት የለመደ ሰውነት ሰዓቱን ራሱ ያውቃል። ሳያስበው ብድግ አለ። ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ተራመደ። ሊንድሴ ከማሽኑ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ጠራው።

«ኬልቪን። እጆችህን አሳየኝ።»

ኬልቪን ባለበት ቆመ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ከትከሻው በላይ አነሣቸው፣ መዳፋቸውን ወደ ሊንድሴ አድርጎ። ሊንድሴ አሁን ዞሮ አየው። ጣቶቹን በዓይኑ አንድ በአንድ ቆጠራቸው፤ አልቸኮለም።

«አሥር» አለ። «ሁሉም አሉ። ማሽኑ እስኪጨርስ እዚያው ይቆዩ።»

ኬልቪን እጆቹን አላወረደም። ጀርባውን ለቀዩ እጀታ ሰጥቶ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑን አንድ ነገር ሞላው፤ እንዳይጠርገው እጆቹ ወደ ላይ ተነሥተዋል። በወርክሾፑ ውስጥ ሻይ አይጠጣም የሚለውን ሕግ የጻፈው እሱ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ሁሉም ስኒውን ይዞ ገባ። ማሽኑ አምስተኛዋን ወፍ ጀምሯል። ኔቪል የኬልቪንን ሻይ ሁለት ስኳር አድርጎ አመጣና፣ ሰውየው እጁን ስለማያወርድ፣ እፍ እያለ እንደ ሕፃን አጠጣው።